ጣት ሲደርቅ ስክሪኑ አይሰማም፦ ማሳኮ ዋካሚያ እኩዮቻቸውን ኮምፒውተር ያስተማሩበት መንገድ

በጃፓን በየዓመቱ ማርች 3፣ በእኛ አቆጣጠር የዓድዋ በዓል ማግስት በሚውለው የካቲት 24፣ ሂናማትሱሪ የሚባል የሴት ልጆች በዓል አለ። ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ቀይ ጨርቅ በተነጠፈበት ደረጃ ላይ የጥንቱን ቤተ መንግሥት የሚያሳዩ አሻንጉሊቶች ይደረድራል። ከላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ይቀመጣሉ፤ ዝቅ ብሎ ሦስት ደንገጡሮች፣ ከእነሱ በታች አምስት ሙዚቀኞች፣ ከዚያም ሁለት ጠባቂዎች። ድርድሩ ሥርዓት አለው። ደንገጡሮቹ በእጃቸው በያዙት ዕቃ፣ ሙዚቀኞቹ በመሣሪያቸው ተለይተው ነው ቦታቸውን የሚይዙት። ዋሽንት ነፊው ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ወጣቱ ብዙም አያውቅም። የሚያውቁት አያቶቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሂናዳን የሚባል የአይፎን ጨዋታ ወጣ። ጨዋታው እነዚህን 12 አሻንጉሊቶች በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። አሻንጉሊቱን ነካ፣ ቀጥሎ ቦታውን ነካ ማድረግ ይበቃል። ቦታው ትክክል ከሆነ ከበሮ ይመታል፤ ከስሕተትም በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል። ተጫዋቹን የሚያጣድፍ ሰዓት የለውም። የሠሩት ማሳኮ ዋካሚያ ይባላሉ፤ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ያኔ የ81 ዓመት ሴት ነበሩ።

ዜናው ዓለምን ሲዞር አብዛኛው ሰው ልብ ያለው ዕድሜያቸውን ብቻ ነበር። እኔን የሳበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዋካሚያ ሂናዳንን ከመሥራታቸው አስቀድሞ ለዓመታት እኩዮቻቸውን ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ጨዋታውም የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሺንግተን ተቀምጦ እናቱን ወይም ጎረቤቱን ኮምፒውተር ማስተማር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ነገር አለ ብዬ ስለማምን በዝርዝር ልጽፈው ወሰንሁ።

ሦስት ወር የፈጀ ኮምፒውተር

ዋካሚያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ቶኪዮ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ ሚትሱቢሺ ባንክ ገቡና ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ እዚያው ሠሩ። በዚያ ዘመን የባንክ ሠራተኛ የሚመዘነው ብር በጣቱ ቆጥሮ በመጨረስና የእንጨት መቁጠሪያውን በማፍጠን ነበር። እሳቸው እጃቸው ቀርፋፋ እንደነበረና ይወቀሱበት እንደነበረ በየንግግራቸው ያነሣሉ። በኋላ የቆጠራ ማሽን ሲመጣ የእጅ ፍጥነት ዋጋው ቀነሰ፤ እሳቸውም ሐሳብ ወደሚፈልግ ሥራ ተዛወሩ። ይህችን ታሪክ በቀላሉ አላልፋትም። ብዙ ሰው ማሽንን የሚያስታውሰው እንጀራ እንደቀማው ነው። ዋካሚያ ግን ከወቀሳ ያወጣቸው ማሽን ስለነበር፣ ኮምፒውተር ሲመጣ እንደ ባለውለታ ዘመድ ተቀበሉት።

የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን የገዙት በ1990ዎቹ፣ ጡረታቸው ሲቃረብ ነው። ምክንያታቸው የእኛንም አገር ሰው የሚነካ ነው። ያረጁ እናታቸውን ቤት ሆነው ማስታመም ነበረባቸው፤ ጨዋታ ወዳድ ስለሆኑም ቤት ከዋሉ ከሰው እንዳይቆራረጡ ፈሩ። በኮምፒውተርና በስልክ መስመር ከሩቅ ሰው ጋር መጨዋወት እንደሚቻል ሰምተው ገዙት። የሚያሳያቸው ሰው አልነበረም። ገመዱን አያይዘው፣ ፕሮግራሙን ጭነው፣ ከሌሎች ጋር እስኪገናኙ ድረስ ሦስት ወር ፈጀባቸው።

ያን ያህል ጊዜ ያስታገሣቸው መጨረሻ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ነው። ያገኙትም ስብስብ የአረጋውያን ነበር፤ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1999 በተመሠረተው ሜሎው ክለብ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆኑ። ክለቡ አረጋውያን በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ስለ ጤናም ስለ ግጥምም ስለ ኮምፒውተርም የሚወያዩበት ነው። አባላቱ የጦርነቱን ዘመን ትዝታ በራሳቸው እጅ እየጻፉ የሚያኖሩበት መዝገብም አላቸው። ከቦምብ ሽሽት፣ ከረኃብ፣ ከተቃጠለ ሰፈር የወጣ ምስክርነት በዚያ ተቀምጧል። የአጻጻፍ ቁልፎቹን መማር ለእነዚህ ሰዎች ባዶ ልምምድ አልነበረም። የሚጽፉት ነገር ነበራቸው፤ ሳይጽፉት መሞትም አልፈለጉም።

የተለመደው ትምህርት የት ላይ ይሰበራል

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ ላፕቶፕ ላከችላቸው። ፊቷን በትልቁ እንዲያዩ ብላ ነው። እኔም በየቅዳሜው ላስተምራቸው ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ያጠፋሁት «ይህ ስክሪን ይባላል፣ ይህ ማውስ ይባላል» በማለት ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ መጫንን ላለማምድ ተነሣሁ። እማማ አንዴ ይጫናሉ፤ ሁለተኛውን እስኪጫኑ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥና ቀስቷ ከቦታዋ ትሸሻለች። አንዳንዴ ፋይሉ አብሮ ይጎተትና ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። እሳቸው ታዲያ ደንግጠው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣሉ።

«እማማ፣ ግድ የለዎትም፤ ምንም አልሆነም» እላለሁ።

«ልጄ፣ ሰው የላከልኝን ዕቃ ላበላሸው ነው እኮ።»

በአራተኛው ቅዳሜ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ ላፕቶፑ ግን ከነሽፋኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ነበር። «ይህ ለእናንተ ነው» አሉኝ። እኔም ዕድሜያቸው ነው ብዬ ደመደምሁ። የዋካሚያን ሥራ ሳነብ ነው ድምዳሜዬ ስንፍና እንደነበረ የገባኝ። እማማ የፈሩት ማሽኑን አልነበረም። የፈሩት መመለሻ የሌለው ስሕተት ነው፤ እኔም መመለሻውን ከማሳየት በፊት የዕቃ ስም አስቆጠርኋቸው።

ኤክሴል እንደ ጥለት

ዋካሚያ ቤታቸው ውስጥ ለአረጋውያን የኮምፒውተር ትምህርት ሲሰጡ የሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራም የሆነው ኤክሴል ላይ ሲደርሱ ችግር ገጠማቸው። መጻሕፍቱ ኤክሴልን የሚያስተምሩት በሽያጭ ሠንጠረዥ፣ በወጪና ገቢ፣ በመቶኛ ነው። ለጡረተኛ ይህ ምኑ ነው? የሚሸጠው ነገር የለውም፤ የሚያቀርበው የሩብ ዓመት ሪፖርት የለውም። ፕሮግራሙን ትተው እንዳያልፉም ጠቃሚነቱን ያውቃሉ።

መፍትሔአቸው የሚገርም ነው። የኤክሴልን ገጽ እንደ ሒሳብ ወረቀት ማየቱን ተዉትና እንደ ሸማ ሠሪ ጥለት አዩት። ገጹ ከትንንሽ ሣጥኖች የተሠራ ነው። የዓምዶቹን ስፋት ከረድፎቹ ቁመት ጋር ብታስተካክለው እያንዳንዱ ሣጥን እኩል አራት ማዕዘን ይሆናል። ከዚያ አንዱን ሣጥን በቀለም መሙላት፣ አንዱን መዝለል፣ ጠርዙን በመስመር ማስጌጥ፣ እንዲህ እያሉ ንድፍ ማውጣት ይቻላል። አንዷ ንድፍ ከተሠራች በኋላ ገልብጦ መደርደር ነው። ይህንን ኤክሴል አርት ብለው ጠሩት። ተማሪዎቻቸው ያወጡትን ንድፍ በወረቀት አትመው ማራገቢያና የስጦታ ከረጢት ይሠሩበታል፤ እሳቸው ራሳቸው በጨርቅ አሳትመው ልብስ አሰፍተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ባደረጉት የአትክልት ሥፍራ ግብዣ ላይ የተገኙት በራሳቸው የኤክሴል ንድፍ የተሠራ ልብስ ለብሰው ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የቀሚስ ጥለት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠው መስቀልም ሆነ በመቀነቱ ጫፍ የሚወርደው ቀለም፣ ክር ተቆጥሮ የሚሠራ የአራት ማዕዘን ሥራ ነው። ጥልፍ የምትጠልፍ ሴትም ቀዳዳ እየቆጠረች ነው መርፌዋን የምትሰድደው። ዘጠኝ ቆጥሮ ማለፍን፣ መሐሉን አግኝቶ ግራና ቀኙን ማመጣጠንን ከማንም በላይ ታውቃለች።

የዘዴው ብልሃት በዚህ ላይ ነው። ተማሪዋ የምታስበው ስለ ንድፉ ነው፤ እጇ ግን በዚያው ሰዓት ኮምፒውተር እየተማረ ነው። ሣጥን መምረጥ አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ሁለት ጊዜ መጫን አያስፈልግም። ብዙ ሣጥን መምረጥ ደግሞ ተጭኖ መጎተት ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውሱን ትቶ በቀስት ቁልፎች መሄድ ይችላል። ቀለም መሙላት ምናሌ መክፈትን ያስተምራል። ንድፍ ማብዛት መገልበጥና መለጠፍን፣ ለነገ ማቆየት ፋይል ማስቀመጥን፣ ለልጅ ልጅ መስጠት ማተምን ያስተምራል። አንድ ጀማሪ ሊማር የሚገባው ነገር ከሞላ ጎደል በአንድ ማራገቢያ ውስጥ ገባ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሕተት አያስከፍልም። ጥልፍ ላይ አንዲት ክር ከተሳሳተች የሌሊት ሥራ ይፈታል። ኤክሴል ላይ «ቀልብስ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። እኔ ለአረጋውያን የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ቁልፍ ብቻ ይሁን ባይ ነኝ። ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ነው። ያበላሸውን ነገር በአንድ ጣት መመለስ እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሰው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አያነሣም።

ያለ ጥድፊያ የሚጫወት ጨዋታ

ሂናዳን የመጣው ስማርት ስልክ ኮምፒውተሩን እየተካ ሲሄድ ነው። ዋካሚያ እኩዮቻቸው የስልክ ጨዋታዎች ላይ ሲሸነፉ አዩ። ጨዋታዎቹ ፈጣን ጣትና ፈጣን ዓይን ይፈልጋሉ። በሰባና በሰማንያ ዓመት ደግሞ ጣት ይደርቃል፤ የደረቀ ጣት መስተዋቱ ላይ ሲንሸራተት ስክሪኑ አንዳንዴ ሳይሰማው ይቀራል። ሰውየው ጣቱን ሦስት ጊዜ ጎትቶ ምንም ካልሆነ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጥለዋል። ጥፋቱ የሠሪው ነበር፤ ሲሠራው የታሰበው የሃያ ዓመት ወጣት ጣት ነውና።

ዋካሚያ ሽማግሌ ወጣቱን የሚያሸንፍበት ጨዋታ እንዲሠራ አንድ የሚያውቁትን ባለሙያ ጠየቁ። ባለሙያው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ሚያጊ ግዛት የሚኖር ነው። ለምን ራስዎ አይሠሩትም አላቸው። እሳቸውም ስዊፍት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከእሱ በስካይፕ እየተማሩ፣ መጽሐፍ እያገላበጡ ወራት ፈጅተው ጨረሱት።

ውጤቱን ስናየው እያንዳንዱ ውሳኔ ከማስተማር ልምዳቸው የተቀዳ ነው። መጎተት የለም፤ መንካት ብቻ። የሚያሳድድ ሰዓት የለም። ጆሮው ለከበደ ሰው ድምፅ ብቻውን አይበቃምና መልሱ በጽሑፍም ይታያል። ርዕሰ ጉዳዩም አያት ከልጅ ልጅ በላይ የሚያውቁት ነው። ጨዋታው ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር የተቀመጡ አያት አስተማሪ ይሆናሉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ለአረጋውያን ተብለው ከተሠሩት ነገሮች ብዙዎቹ ሽማግሌውን እንደ በሽተኛ ነው የሚያዩት፤ ፊደሉን ያሳድጉና ሐሳቡን ያሳንሱታል። ሂናዳን እውቀታቸውን ነው የጠየቃቸው።

በዚያው ዓመት በጁን ወር አፕል በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ባካሄደው የፕሮግራም ሠሪዎች ጉባኤ ተጋብዘው ያኔ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከነበሩት ከቲም ኩክ ጋር ተገናኙ፤ በዕድሜ ከተሳታፊዎቹ ሁሉ ትልቋ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2018 ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ላይ አረጋውያን የዲጂታል እውቀት ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ተናገሩ። የጃፓን መንግሥትም ስለ መቶ ዓመት ዕድሜ ዘመን እንዲመክር ባቋቋመው ጉባኤ አባል አደረጋቸው። ያኔ ከጃፓን ሕዝብ ከ27 በመቶ በላይ የሚሆነው 65 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ነበር። ሥራው የአንዲት ጡረተኛ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሮና ክትባት ቀጠሮ በኢንተርኔት ሲሰጥ ብዙ አረጋውያን በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው እጅ መመዝገባቸው የጉዳዩን ክብደት ለማንም አሳይቷል።

የእኛ ፊደልና የእኛ አረጋውያን

ይህን ሁሉ ወደ ቤታችን ስናመጣ መጠንቀቅ አለብን። ዋካሚያ የተማሩ፣ ጡረታ ያላቸው፣ መብራትና ስልክ በማይቋረጥበት ከተማ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ብዙ አረጋዊ ኮምፒውተሩ ጋር ሳይደርስ የሚገጥመው ሌላ ተራራ አለ።

አንዱ ተራራ ግን የጋራችን ነው፤ ፊደል። ጃፓናዊ በኮምፒውተር ሲጽፍ በብዛት ድምፁን በላቲን ፊደል መትቶ ነው ወደ ራሱ ፊደል የሚቀይረው። በዋካሚያ ልጅነት እንግሊዝኛ የጠላት ቋንቋ ተብሎ የተነቀፈበት ጊዜ ነበር፤ ያ ትውልድ በስተርጅና የራሱን ስም ለመጻፍ የላቲን ፊደል መፈለግ ግድ ሆነበት። የእኛም ተመሳሳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም በተለመደው የላፕቶፕ ቁልፍ ሰሌዳ «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኤል፣ ኤም የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ሀሁ በደንብ የሚያነብ ሽማግሌ በራሱ ቋንቋ መጻፍ አቅቶት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው በአማርኛ ለሚማር አረጋዊ ጽሕፈትን የመጀመሪያ ትምህርት ማድረግ ስሕተት ነው የምለው። በስልክ ላይ ፊደሉን ፊት ለፊት የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ወደ ጽሑፍ ከሚቀይራቸው ቋንቋዎች ጋር አስገብቷል። ለተናጋሪ ትውልድ በቃል መጀመር ይቀላል።

ሌላው ነገር ተስፋ ይሰጠኛል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ጎልማሶች ፊደል የቆጠሩት ልጆቻቸው ከሚሆኑ ተማሪዎች ዘንድ ነው። ከዛሬ አረጋውያን መካከል በዚያ የተማሩም ያስተማሩም አሉ። ከታናሽ መማር ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ዘዴውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ያኔ እርሳስ ነበር የሚያስፈራው፤ ዛሬ ደግሞ ለጡረታም፣ ለቴሌብርም፣ ከአገር ውጭ ካለ ልጅ ጋር ለመተያየትም ስክሪን መንካት ግድ ሆኗል።

እማማን ተመልሼ ጠየቅኋቸው። ላፕቶፑን ከቁም ሣጥን አውጥተን ኤክሴል ከፈትንና ሣጥኖቹን አስተካከልንላቸው። ምናሌው እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ትተን ሥዕሉን ያዝን፤ ቀለሙ «ባልዲዋ» ናት፣ መመለሻው «የታጠፈችው ቀስት»። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አንድ ሣጥን ቀይ ማድረግና በታጠፈችው ቀስት መመለስ ብቻ ነበር ሥራችን። ሃያ ጊዜ ያህል ቀለም ቀብተው ሃያ ጊዜ መለሱት።

በሦስተኛው ሳምንት የቀሚሳቸውን ጥለት ከጎን ዘርግተው መስቀሉን እየቆጠሩ ማስገባት ጀመሩ። የላይኛውን ክንፍ ጨረሱ፤ ገልብጠው ወደ ታች ለጠፉት። የጎኑ ክንፍ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ጠየቁኝ።

«ይህንኑ ማጋደም አይቻልም?»

አላውቅም ነበር። ፈልጌ ሳገኘው ኤክሴል ረድፉን ወደ ዓምድ፣ ዓምዱን ወደ ረድፍ እያዞረ የሚለጥፍበት ትእዛዝ አለው፤ ቀለሙንም ይዞ ይዞራል። አሳየኋቸው። ክንፉ ተጋደመና ከመሐሉ ጋር ገጠመ። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ሣጥኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ ሣጥን ወደ ግራ አልፏል አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔን ሳይጠሩ የታጠፈችውን ቀስት ተጫኑ።